የጋሼ ቶሎሳ አመለኛ ሌንሶች

ሐበሻ በተሰባሰበበት ከተማ ሁሉ፣ ደህና ዕቃ መግዛት የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። እግሩ የሚወላገድ ወንበር፣ ከውጭ የማይከፈት የመኪና በር፣ በጥፊ ካልተመታ የማይነሳ ቴሌቪዥን ካላገኘ ልቡ አያርፍም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው፤ ምናልባትም ጋራዣችሁን ያጨናነቀው እሱ ነው። ለእኛ ለኦሃዮዋ ኮሎምበስ ሰዎች የተሰጡን ግን የሁሉም የበላይ ናቸው፤ ክቡር ጋሼ ቶሎሳ፣ የአመለኛ ሌንሶች አሳዳጊ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የዕድሜ ልክ ፎቶ አንሺ።

የካሜራ ሌንስ ነው የምላችሁ። ጋሼ ቶሎሳ አዲስ ሌንስ አይገዙም። አሮጌ ሆኖ ደህና የሆነውንም አይገዙም። የሚፈልጉት አሮጌ ሆኖ ትንሽ ነገር የሆነበትን ነው። ምስል የሚያጠራበት ቀለበቱ ሲዞር የሚያቃስት፣ ወደ ታች ሲያዘነብሉት በገዛ ፈቃዱ የሚንሸራተት፣ ብርሃን የሚያስገቡት ስስ ቅጠሎቹ ዘይት ነክቷቸው አልከፈትም የሚል። «ብልሽት» ብላችሁ ግን እንዳትናገሩ፤ ይቀየማሉ። «መስታወቱ ደህና ነው አይደል? በቃ፣ ሌላው አመል ነው» ይላሉ።

በመስታወቱ ግን ቀልድ የለም። አንድ ጊዜ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚያፈዝ ሌንስ አገኘን፤ ቀለበቱ ልስልስ ብሎ የሚዞር፣ አንድም ጭረት የሌለው። እኔ በደስታ ልሞት ነው፤ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸውን ይዤ ሌንስ ፍለጋ ከመንከራተት ላርፍ ነዋ። ጋሼ ቶሎሳ የስልካቸውን መብራት አብርተው በአንድ ዓይናቸው አጮለቁ። ከመስታወቱ ጥግ የሸረሪት ድር የመሰለች ሻጋታ ነበረች። ሌንሱን ወደ መደርደሪያው መለሱና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ውስጡ የተነካ ነገር ቤቴ አላስገባም» አሉኝ፣ ወጣን።

ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ተቀጥረው ነበር። የፎቶ ቤቱ ብቸኛ ሌንስ ቀለበቷ ወደ ግራ አልዞርም የምትል ነበረች ይላሉ፤ በዚያች ሌንስ የከተማው ሰው ሁሉ ተዳረባት፣ ተመረቀባት። ፍቅሩ ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም። እሳቸውም አይናገሩም።

እኛ የተዋወቅነው ግን እዚሁ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ሁላችንም ዲቪ ደርሶን የመጣን፣ በአንዲት መኪና ታጭቀን ወደ ሺፍት የምንሄድ ነበርን። መኪናዋ የጓደኛችን የግርማቸው ነበረች፤ ማሞቂያዋ የሚሠራው ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ብቻ ነው። ቀኝ መታጠፊያ ባገኘን ቁጥር እልል እንል ነበር። ሶፋችን ከመንገድ ዳር የተነሳ፣ ፍሪጃችን ካልደገፉት የማይዘጋ። ያኔ በቤታችን አመል የሌለው ዕቃ አልነበረም፤ እኛም ብንሆን እንግሊዝኛችን አፋችን ውስጥ የሚጠብቅ ነበርን። ከዚያ አንድ በአንድ አዲስ መኪና፣ አዲስ ሶፋ፣ አዲስ ቤት ገዛን። ጋሼ ቶሎሳ ብቻ አልተከተሉንም። እኔ በበኩሌ ናፍቆቴን አልደብቅም፤ ያችን መኪና ዛሬ ባገኛት እገዛታለሁ።

አሁን ሾፌራቸው ነኝ። መኪናስ አላቸው፤ ሃይዌይ ነው የማይወዱት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ይጮሃል። «አምሳሉ፣ ዛሬ ኦፍ ነህ አይደል?» ይላሉ። ኦፍ መሆኔን ከእኔ በፊት ያውቃሉ። «አንድ ሰውዬ ፖስት አድርጓል። ቀለበቱ ይጠብቃል ብሏል። ቶሎ ና፣ ሰው ሳይቀድመን!» የጠበቀ ሌንስ ለመግዛት ማን እንደሚቀድመን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሁሉም የማልረሳው ኢስተን ከሚባለው የገበያ ማዕከል የገዛነውን ነው። ሻጩ ፀጉሩን ያንጨባረረ ፈረንጅ ወጣት ነበር፤ ከገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ሎት ላይ፣ ሌንሱን መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጉዱን ሳይደብቅ ይናዘዝ ጀመር። ዙሙ ወደ ታች ሲይዙት ብቻውን ይንሸራተታል፣ አለ። የጋሼ ቶሎሳ ፊት በራ። ቀለበቱም ሲዞር ይንቋቋል፣ አለ። ጋሼ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሌላስ? ሌላ የለውም በለው» አሉ። ጠየቅሁት። ልጁ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ዕቃ የሚያጣጥል ገዢ ሳያይ አልቀረም፤ ጉድለት ጨምርልኝ ብሎ የሚለማመጥ ግን አላየም። አስቦ አስቦ፣ የሌንሱ አፍ ላይ ትንሽ የጎደጎደ ቦታ እንዳለ ትዝ አለው። «ተባረክ» አሉት ጋሼ ቶሎሳ።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። ሌንሱን ጆሮአቸው ሥር አስጠግተው ቀስ አድርገው አዞሩት፤ አሸተቱት፤ በመብራት አጮለቁበት። መስታወቱ ንጹህ ነበር። በቃ እንሂድ ስል፣ «የማን ነበር በለው» አሉኝ። የአያቱ ነበር።

ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሟች ዕቃ ተቀብሎ ሳያጽናኑ መሄድ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። የልጁን ትከሻ ይዘው አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም ምን ላድርግ፣ አጠገባቸው አቀርቅሬ ቆምኩ። «ጌታ ያጽናችሁ በለው። ጥንቁቅ ሰው እንደነበሩ መስታወቱ ይናገራል በለው።» ተረጎምኩ። የልጁ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ አያቱ እንዳልሞቱ፣ ፍሎሪዳ ሄደው ጎልፍ እየተጫወቱ እንደሆነ ነገረን። ለጋሼ ቶሎሳ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «እሱም ቢሆን ሩቅ ነው» አሉ።

ልጁ እዚያው ቆሞ ለአያቱ ኮል አደረገና ስልኩን ለጋሼ ቶሎሳ ሰጣቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በግማሽ እንግሊዝኛና በሙሉ አማርኛ፣ ስለ ሌንሱ አመል ረጅም ወግ ያዙ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ማሞቂያውን ከፈትኩ።

ሌንሶቹ የሚኖሩት በእትዬ ፀሐይወርቅ ቡፌ ውስጥ ነው። እትዬ ፀሐይወርቅ የጋሼ ቶሎሳ ባለቤት ናቸው፤ ነርሲንግ ሆም ሲሠሩ የኖሩ፣ ብርጭቆዎቻቸውን የሚደረድሩበት ባለመስታወት ቡፌ ከመጡበት ቀን ጀምሮ የተመኙ ሴት። ቡፌው ተገዛ፤ ብርጭቆዎቹ ካርቶን ውስጥ ቀሩ። «እዚያ ስሠራ በሽተኛ አስታምሜ እመጣለሁ፤ ቤቴ ስገባም ተኝተው ይጠብቁኛል» ይላሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

እያንዳንዱ ሌንስ ስም አለው። ኮስተር ብሎ አልዞርም የሚለው «ሊቀመንበሩ» ነው። በገዛ ፈቃዱ የሚንሸራተተው «ወርቅነህ» ነው፤ ከመዘምራኑ መካከል ስብከት ሲጀመር ወንበሩ ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች በሚንሸራተተው በወርቅነህ ስም የተሰየመ። ለዚህኛው ብሮኮሊ የሚታሰርበትን ወፍራም ላስቲክ አጥልቀውለታል። እትዬ ፀሐይወርቅ እንደሚሉት በዚያ ቤት ብሮኮሊ የሚገዛው ለላስቲኩ ነው፤ ብሮኮሊውን ማንም በልቶት አያውቅም። ብርዱ ሲገባ ደግሞ የሊቀመንበሩ ቅባት ይደርቃል። እንዲለሰልስላቸው ጋሼ ቶሎሳ እሁድ ጠዋት ካፖርታቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠውት ይመጣሉ። ምእመኑ ሁለት እጁን አንስቶ ሲዘምር እሳቸው ብቻ አንድ እጃቸውን ያነሳሉ። አዲስ የመጡ ሰዎች ክንዳቸውን ያማቸዋል ብለው ይጸልዩላቸዋል።

ከአገልግሎት በኋላ ፎቶ አለ። የተመረቀ፣ የተጠመቀ፣ ልጅ የወለደ፣ ከአገር ቤት ትናንት የገባ፣ ሁሉም ከደጁ ደረጃ ላይ ይሰለፋል። ጋሼ ቶሎሳ ሊቀመንበሩን ይገጥማሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀለበቱን ይታገላሉ። «ቆይ... እንዳትንቀሳቀሱ... እየመጣ ነው።» አይመጣም። እኛ ፎቶ ላይ እንዴት እንደምንቆም ታውቃላችሁ፤ እጅ ወደ ታች፣ አገጭ ወደ ላይ፣ ቪዛ ሊመታልን ነው የሚመስለው። ግን ያን ያህል ጊዜ ማን አገጩን አንስቶ ይቆያል? አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ አንዱ ለጎረቤቱ ሹክ ይላል፣ ልጆች «ኢዝ ሂ ዳን?» እያሉ የእናታቸውን ቀሚስ ይጎትታሉ።

ግርማቸውና ወርቅነህ በድምፅ ማጉያ ጉዳይ ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ሰንብተው ነበር። አንድ እሁድ እዚያ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተተከሉ። መጀመሪያ ሁለቱም አገጫቸውን ወደ ላይ አነሱ። ጋሼ ቶሎሳ ከሊቀመንበሩ ጋር ሲታገሉ፣ ሲታገሉ፣ ግርማቸው አላስቻለውም። «ዛሬ እዚሁ ሊያሳድሩን ነው እንዴ?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ወርቅነህ ካሜራውን እያየ፣ «አንተ ደግሞ፣ ያለፈው እሁድ ፎቶ እኮ ገና አላለቀም» አለው። ሁለቱም ፍርፍር ብለው ሲስቁ ቀለበቱ ዞረ። ያ ፎቶ ዛሬም የግርማቸው ሳሎን ውስጥ አለ።

ልጄ ሔርሞን ያደገችው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ የጥርስ ማስተካከያ ብሬስ አድርጋ፣ የምረቃ ጋውን ለብሳ፣ ሁሉንም ጋሼ ቶሎሳ አንስተዋታል። ካሜራውን የምታይበት አንድም ፎቶ የለኝም። ሁሉም ላይ ቀና ብላ የምታየው እኔን ነው፤ «ዳዲ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለችኝ። አሁን ቺካጎ ትሠራለች፤ የምትመጣው ለበዓል ነው።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ቶሎሳ ከዌርሃውስ ሥራቸው ጡረታ ወጡ፤ ስጦታ ይሰጣቸው ተባለ። ሐሳቡን ያፈለቅሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በአሮጌ ሌንስ ያገለገሉንን ሰው በአዲስ እናስደስታቸው አልኩ፤ ጭብጨባው ደመቀ። እሳቸውን ማንም አልጠየቀም። ስጦታ የሚሰጠውን ሰው ምን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ ምን ተለምዶ! ከመድረክ ላይ፣ በእልልታ፣ ከነማሸጊያው አስረከብናቸው። ከፍተው አሸተቱት። ጆሮአቸው ሥር አድርገው አዞሩት።

«ምን ይላል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምንም አይልም» አሉ። ከዚያ ወደ ምእመኑ ዞረው፣ «ተባረኩ» አሉ። ልኩ ያልሆነ ሸሚዝ የተሰጠው ሰው የሚያሳየውን ፈገግታ ፈገግ አሉ።

በእልልታ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። ሊቀመንበሩ፣ ወርቅነህና ሌሎቹ ካርቶን ገቡ፤ የእትዬ ፀሐይወርቅ ብርጭቆዎች ወጥተው ቡፌው ውስጥ ተደረደሩ። እሁድ እሁድ አዲሱ ሌንስ መጣ። ራሱ ያያል፣ ራሱ ያጠራል፣ ጠቅ ይላል፣ ያልቃል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው። የምእመኑ ሁሉ አገጭ ወደ ላይ እንደተነሳ ተይዟል።

ለፋሲካ ሔርሞን መጣች። ከአገልግሎት በኋላ አጠገቤ ቆመች፣ ጠቅ አለ፣ «ዋው፣ ዛት ዋዝ ኩዊክ!» አለች። ጉንጬን ሳመችኝና ራይዷ ደርሶ ስለነበር ወደ ኤርፖርት በረረች። ፎቶውን ሲልኩልኝ አየሁት። ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች፤ ቆንጆ ናት፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ላይ ያለች ሴት ትመስላለች። ብዙ አየኋትና ስልኩን አስቀመጥኩ። ከፋኝ።

ቅዳሜም ስልኬ መጮህ አቆመ። መጀመሪያ ተኛሁ። ቀጥሎ መኪናዬን አጠብኩ። ቀጥሎ የሚታጠብ ነገር አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ራሴ ሄድኩ። ጋሼ ቶሎሳ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ የማያዩት ቴሌቪዥን ተከፍቷል። አዲሱ ሌንስ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ወደ ማሸጊያው ተመልሷል።

«ነገ ለፓስተሩ እመልስለታለሁ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ልጆቹ ያንሱ። ሌንሱ ራሱ ሁሉን ያውቃል፤ እኔ ተሸካሚው ነኝ። ለመሸከም ደግሞ ጉልበት ያለው ይሻላል።»

«ጋሼ፣ አሮጌዎቹን ያውጧቸዋ!»

«ስጦታችሁን ጥዬ? ምን ይሉኛል ሰዎቹ? አዋጥታችሁ፣ እልል ብላችሁ... አይሆንም፣ አምሳሉ። ይህን ይዤ ማንሳት እንቢ ቢለኝ፣ ያንን ይዤ ማንሳት ነውር ነው። ስለዚህ በቃኝ።»

ይሉኝታን ያስታጠቅናቸው እኛው ነን። ያለ እሳቸው ያንን ደረጃ አሰብኩትና ማሸጊያውን ከፊቴ ገፋ አደረግሁት።

እትዬ ፀሐይወርቅ ከወጥ ቤት ሆነው ሲሰሙ ኖሯል። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። «እስቲ ይሄን ጉደኛ ልየው» አሉና ሌንሱን ከማሸጊያው አወጡት። አገላበጡት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ የምትቀጣ እናት አስተያየት ነበር። ከዚያ ምንጣፉን አልፈው ወለሉ ባዶ ወደሆነበት ሁለት እርምጃ ሄዱና እጃቸውን ከፈቱ።

ሌንሱ ቋ አለ።

«ውይ» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ሳይደነግጡ። «ሳሙና ነው። ከእጄ አመለጠኝ።» ጎንበስ ብለው ለማንሳትም አልሞከሩም።

ጋሼ ቶሎሳ ተነሱ። ሌንሱን አንስተው ካሜራቸው ላይ ገጠሙት፤ ጠቅ አላለም። ራሱ ማየቱን፣ ራሱ ማጥራቱን ትቷል። ፈትተው ጆሮአቸው ሥር አደረጉትና ቀለበቱን አዞሩ፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ክርክር አለ። እኔም አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ። የስልካቸውን መብራት አበሩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆዩ። «መስታወቱ ደህና ነው» አሉ፣ ሌንሱን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ። «በእጅ ከሆነ ይሠራል። ትንሽ ይጠብቃል እንጂ ይሠራል። ስጦታችሁ ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ይዤው እዘልቃለሁ።»

«በዚህ ቤት ደህና ዕቃ አይበረክት!» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ወደ ወጥ ቤታቸው እየተመለሱ። ሲያልፉ ክንዴን ቆነጠጡኝ። አያምም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ግን እንደዚያን ዕለት የወደድኳቸው ቀን የለም።

ለታንክስጊቪንግ በዓል ሔርሞን መጣች። እሁድ ደረጃው ላይ ተሰልፈናል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሼ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው ይታገላሉ፤ የቀለበቱ ክርክር እስከ እኛ ይሰማል። ግርማቸው ከኋላ፣ «ጋሼ፣ ፊቴ ሳይደርቅ ባክዎ!» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ሔርሞን መጀመሪያ ካሜራውን አየች። ስልኳን ልታወጣ እጇን ኪሷ ከተተች፤ ጓንቷ አላስወጣ ሲላት ተወችው። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተደገፈችኝ።

«ዳዲ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቺካጎ እኮ ብዙም ደስ አይለኝም። አይ ሚን፣ ሥራው ጥሩ ነው። ግን ማታ ቤት ስገባ የማወራው ሰው የለም።»

ይህን በስልክ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። በስልክ ሁልጊዜ «አይም ጉድ» ነው። ቀና ብላ እያየችኝ ነበር፤ ገና ብዙ የምትለኝ እንዳላት ከዓይኗ ገባኝ። «እሺ፣ የኔ ልጅ፣ ንገሪኝ» አልኳት። ከፊታችን ጋሼ ቶሎሳ፣ «መጣ፣ መጣ፣ እንዳትንቀሳቀሱ!» ሲሉ ሰማሁ። ጌታ ሆይ፣ አልኩ በልቤ፣ ያን ቀለበት ትንሽ ያዝልኝ።